የማይበልጠውን ታላቅ ቍጥር ፍለጋ፤ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ብራና እስከ ኤክሴል ሠንጠረዥ

ሠንጠረዥ የሚገልጥ ሰው ሁሉ፣ መሐንዲስም ይሁን የሒሳብ ሠራተኛ ወይም የደብር አለቃ፣ ከሁለት ጥያቄዎች አንዱን ይዞ ይቀርባል። አንደኛው «ይህ ቍጥር ከየትኛው ጋር ልክ ለልክ ይገጥማል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ይህ ቍጥር ከየትኛው መደብ ይገባል?» የሚል ነው። ጥያቄዎቹ ሲሰሟቸው መንትያ ይመስላሉ፤ መልሳቸው የሚገኝበት መንገድ ግን እጅግ የተለያየ ነው። የመጀመሪያው መልሱን ሲያጣ «የለም» ይላል። ሁለተኛው ግን ምንጊዜም ለማለት ይቻላል አንድ መልስ ይሰጣል፤ ሠንጠረዡ በሥርዓት ካልተዘጋጀ የሚሰጠው መልስ ስሕተት ይሆናል፤ ስሕተት መሆኑንም አይናገርም።

በዘመናችን ይህን ሁለተኛ ጥያቄ የሚመልሱት በኮምፒዩተር የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች ውስጥ ያሉት የፍለጋ ቀመሮች ናቸው። ከእነርሱም መካከል መደቦቹ በላይኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ሲደረደሩ የሚያገለግለው ኤችሉካፕ የሚባለው የአግድም ፍለጋ አንዱ ነው። አሠራሩ ባጭሩ ሲገለጽ እንደሚከተለው ነው፦ የሚፈለገውን ቍጥር ይቀበላል፤ የሠንጠረዡን የላይኛ ረድፍ ይመረምራል፤ ከተፈለገው ቍጥር ጋር እኩል የሆነውን፣ እኩል ከሌለም ከእርሱ ከማይበልጡት ሁሉ ታላቅ የሆነውን ራስጌ ይመርጣል፤ ከዚያም በዚያው ዓምድ ወደ ታች ወርዶ ከታዘዘው ረድፍ ላይ ያለውን መልስ ያመጣል። ይህ «ተቀራራቢ ግጥሚያ» ይባላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አሠራር ከኮምፒዩተር ጋር የተወለደ አለመሆኑን ማሳየት፣ ከዚያም አልፎ ቀደምቶቻችን ይጠነቀቁለት የነበረውን ነገር እኛ ዛሬ ስንዘነጋው ምን እንደሚያስከትል መመርመር ነው። ለዚህም ከሐይቅና ከአምባሰል ምድር የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል። (በዚህ ጽሑፍ «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።)

ዐቃቤ ሰዓት

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ ከተማ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ነው። በሐይቁ ዳር፣ ቀድሞ ደሴት በነበረው ምድር ላይ፣ የደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በዚህ ስፍራ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ለመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍና የምንኵስና ሕይወት ታላቅ ምንጭ ሆኖ ነበር። ገድላት እንደሚተርኩት አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከዚሁ ገዳም ተምረዋል። የገዳሙ አበምኔቶችም ለረጅም ዘመን «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕርግ ይጠሩ ነበር፤ ማዕርጉም በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ሥልጣን የሚያሰጥ ነበር። ሰዓትን መጠበቅ የሥልጣን ስም እስከ መሆን የደረሰበት ገዳም ስለ ዘመን ስሌት ለሚነገር ታሪክ መነሻ ቢሆን አያስደንቅም።

ገዳሙ ካቈያቸው ቅርሶች አንዱ በ1273 ዓ.ም. ግድም የተጻፈውና በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም የሚታወቀው ወንጌል ነው። ጥንታውያን የኢትዮጵያ ወንጌሎች፣ የአባ ገሪማን ወንጌሎች ጨምሮ፣ ከመጀመሪያ ገጾቻቸው ላይ በአዕማድና በቅስት ያጌጡ ሠንጠረዦች አሏቸው። እነዚህ በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሣርያው አውሳብዮስ ያዘጋጃቸው 10 ቀኖናት ናቸው። በእነርሱም ውስጥ የማቴዎስ አንቀጽ ቍጥር ከማርቆስ፣ ከሉቃስና ከዮሐንስ አንቀጽ ቍጥሮች ጋር ጐን ለጐን ተጽፎ ይገኛል። አንባቢው አንዱን ቍጥር ይዞ ወደ ጐን ሲሄድ ተመሳሳዩን ታሪክ በሌላው ወንጌል ያገኘዋል።

ይህ እንግዲህ የመጀመሪያው ዓይነት ጥያቄ ነው። የአንቀጹ ቍጥር ልክ ለልክ መግጠም አለበት፤ ለጥቂት ያልገጠመ ቍጥር ወደ ሌላ ታሪክ ይመራልና። ሁለተኛውን ዓይነት ጥያቄ ለማግኘት ወደ ባሕረ ሐሳብ መሄድ ያስፈልጋል።

የመጥቅዕ ሕግ

በአምባሰል ወረዳ የሚገኘው የግሸን ደብረ ከርቤ በዓል በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ይከበራል። ይህን ለማወቅ ስሌት አያሻም። ጾመ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾም፣ ትንሣኤና ዕርገት ግን በየዓመቱ ስለሚዘዋወሩ ቀናቸው በስሌት መገኘት አለበት። ይህንም የሚያስተምረው ባሕረ ሐሳብ ነው። ትውፊቱ የስሌቱን ድርሰት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጣል። በዘመናችንም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ባሕረ ሐሳብ» በሚል ርእስ በ1993 ዓ.ም. ሰፊ መጽሐፍ አውጥተዋል፤ ከእርሳቸው ቀደም ብሎ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ የነበሩት ኦቶ ኖይገባወር ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የበዓላት ስሌት የጻፉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1979 ታትሟል።

የስሌቱ አካሄድ የሚከተለው ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ዓመተ ዓለም ይገኛል። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ተካፍሎ ከቀሪው አንድ ሲቀነስ ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚተርፈው መጥቅዕ ይባላል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሕግ ነው ጕዳያችን፦ መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፤ ከ14 ካነሰ በጥቅምት ይውላል። በመስከረም ከዋለ ነነዌ ከጥር ትቈጠራለች፤ በጥቅምት ከዋለ ከየካቲት ትቈጠራለች።

ይህን ሕግ አንድ መሐንዲስ በወረቀት ላይ ቢያሰፍረው ሦስት ረድፎችና ሁለት ዓምዶች ያሉት ሠንጠረዥ ይሆናል። በላይኛው ረድፍ 1 እና 15 ይጻፋሉ። በሁለተኛው ረድፍ ከ1 ሥር «ጥቅምት»፣ ከ15 ሥር «መስከረም» ይሰፍራሉ። በሦስተኛው ረድፍ «የካቲት» እና «ጥር» ይከተላሉ። መጥቅዕ 10 ከሆነ ከ10 የማይበልጠው ታላቅ ራስጌ 1 ስለ ሆነ መልሱ ጥቅምት ነው። መጥቅዕ 29 ከሆነ ደግሞ 15 ይመረጥና መልሱ መስከረም ይሆናል። በሠንጠረዡ ላይ 10 የሚባልም 29 የሚባልም ራስጌ የለም፤ መልሱ ግን የታወቀ ነው። ይህ እንግዲህ ኤችሉካፕ በተቀራራቢ ግጥሚያ የሚሠራው ሥራ ራሱ ነው።

ስሌቱን በሁለት ዓመታት እንፈትነው። የ2016 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7516 ነው። ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ ወንበሩ 10 ይሆናል። 10 በ19 ሲባዛ 190፣ በ30 ሲገደፍ 10 ይተርፋል፤ ስለዚህ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 10 ቀን ዋለ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበረ። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ስለ ሆነ 10 እና 8 ሲደመሩ መባጃ ሐመሩ 18 ይሆናል፤ ነነዌ የካቲት 18 ቀን ገባች። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነው፤ 18 እና 9 ተደምረው ትንሣኤ ሚያዝያ 27 ቀን ሆነ።

የ2017 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7517፣ ወንበሩ 11፣ መጥቅዑ 29 ነው። በዓለ መጥቅዕ ረቡዕ መስከረም 29 ቀን ዋለ። የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ ድምሩ 33 ሲሆን 30 ተገድፎ 3 ይቀራል። ድምሩ ከ30 ስላለፈ ነነዌ ከጥር ወደ የካቲት ተሻግራ የካቲት 3 ቀን ገባች፤ ትንሣኤም ሚያዝያ 12 ቀን ተከበረ።

ልብ ማለት የሚገባው በአንድ ስሌት ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ፍለጋዎች መገኘታቸውን ነው። የዕለቱ ተውሳክ የሚገኘው ከቅዳሜ 8 ጀምሮ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2 እያለ ከሚሄደው ሠንጠረዥ ነው። እዚህ ላይ «ለረቡዕ የሚቀርበው ዕለት» ብሎ ነገር የለም፤ ረቡዕ ረቡዕ ነው። ወሩ የሚገኘው ግን በመደብ ነው። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ የትኛው በትክክል፣ የትኛው በመደብ እንደሚፈለግ ከመምህሩ አፍ ስለሚማር አያምታታቸውም። የዛሬው ፕሮግራም ተጠቃሚ ግን ይህን ልዩነት የሚማርበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የለውም።

በወሰን ላይ ያለው ጥንቃቄ

በመደብ የሚፈለግ ነገር ሁሉ ድክመቱ ከወሰኑ ላይ ነው። «ከ14 ከበለጠ» እና «ከ14 ካነሰ» የሚለው ሕግ፣ 14 ራሱ ቢመጣ ምን ይደረጋል የሚል ጥያቄ ያስነሣል። መልሱ የሚያስደስት ነው፦ 14 አይመጣም። 19ኙ ወንበሮች የሚሰጧቸው መጥቅዖች በቅደም ተከተል ሲደረደሩ 2፣ 4፣ 5፣ 7፣ 8፣ 10፣ 12፣ 13፣ 15፣ 16፣ 18፣ 19፣ 21፣ 23፣ 24፣ 26፣ 27፣ 29 እና 30 ናቸው። ከ13 ቀጥሎ 15 ይመጣል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ወሰኑን ያኖሩት ማንም ከማይረግጠው ቦታ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ አልቦ ነው። ወንበሩ አልቦ በሆነበት ዓመት፣ ለምሳሌ በ2006 ዓ.ም.፣ ማባዛቱ ምንም አይሰጥም። ሕጉ ግን መጥቅዑ 30 ነው ይላል። 30 ከ15 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 30 ቀን ይውላል። ይህን ያልተገነዘበ ሰው ስሌቱን በኮምፒዩተር ላይ ቢያሰፍረውና 0ን እንዳለ ቢተወው፣ ከ1 የሚጀምረው ሠንጠረዥ ከ0 የማይበልጥ ራስጌ ስለሌለው የስሕተት ምልክት ይመልስለታል። ራስጌውን ከ1 ወደ 0 ቢለውጠው ደግሞ «ጥቅምት 0» የሚል መልስ ያገኛል። ወራቱ ሁሉ 30 ቀን ስለ ሆኑ የነነዌ ቀን በዚህም መንገድ ቢሄድ አይዛነፍም፤ ጥቅምት 0 የሚባል ቀን ግን በቀን መቍጠሪያ የለም። አበው ይህን ቀድመው አስበውበታል።

ከዚሁ ጥንቃቄ የተነሣ የስሌቱ ዳርቻዎች የታወቁ ናቸው። ትንሹ የመስከረም መጥቅዕ 15 ከትንሹ ተውሳክ 2 ጋር 17 ስለሚሆን ነነዌ ከጥር 17 በፊት አትገባም። ትልቁ የጥቅምት መጥቅዕ 13 ከትልቁ ተውሳክ 8 ጋር 21 ስለሚሆን ከየካቲት 21 በኋላ አትገባም። ትንሣኤም ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። አንድ ሠንጠረዥ ሊሰጥ የሚችለውን ትንሹንና ትልቁን መልስ አስቀድሞ ማወቅ ከሁሉ የሚበልጥ መፈተኛ ነው፤ ከዳርቻው የወጣ መልስ ሲመጣ ስሕተቱ ወዲያው ይገለጣል።

በዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል መናገር ይገባል። በባሕረ ሐሳብ የ19 ዓመት ዙር ንኡስ ቀመር፣ የ532 ዓመት ዙር ዐቢይ ቀመር ይባላል፤ 532 የ19 እና የ28 ብዜት ነው። ዛሬ በትምህርት ቤትም ሆነ በኮምፒዩተር ላይ ለሒሳብ ድንጋጌ የምንጠቀምበት «ቀመር» ይኸው ቃል ነው። ቃሉ ከገዳም ወደ ቢሮ ሲመጣ ጥንቃቄውም አብሮት ቢመጣ መልካም ነበር።

ከብራና ወደ ስክሪን

የኖይገባወር መጽሐፍ በወጣበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1979 በአሜሪካ ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን የሠሩት ቪዚካልክ የተባለ ፕሮግራም ለገበያ ቀረበ። ይህ በግል ኮምፒዩተር ላይ በሰፊው የተሠራበት የመጀመሪያው የኤሌክትሮኒክ ሠንጠረዥ ነው። ቪዚካልክ ገና ከጅምሩ የፍለጋ ቀመር ነበረው፤ የሚፈልገውም ከተሰጠው ቍጥር የማይበልጠውን ታላቅ ቍጥር ነበር። ራስጌዎቹ በረድፍ ከተደረደሩ መልሱን ከሥራቸው፣ በዓምድ ከተደረደሩ ከቀኛቸው ያመጣ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሎተስ ዋን-ቱ-ስሪ ይህን ቀመር ለሁለት ከፈለው፤ ለአቀባዊው ቪሉካፕ፣ ለአግድሙ ኤችሉካፕ የሚሉት ስሞች በሰፊው የታወቁት ከዚያ ወዲህ ነው። የማይክሮሶፍት ኤክሴል እ.ኤ.አ. በ1985 ለማኪንቶሽ፣ በ1987 ለዊንዶውስ ሲወጣ ስሞቹን ተቀበለ። የአቈጣጠር ልዩነት ግን አልጠፋም፤ ሎተስ የሠንጠረዡን የላይኛ ረድፍ 0 ብሎ ሲጀምር፣ ኤክሴል 1 ብሎ ይጀምራል። ቀመሩን ከአንዱ ወደ ሌላው በእጁ የገለበጠ ሰው ይህን ካላስተዋለ በአንድ ረድፍ ይስታል።

በኤክሴል የኤችሉካፕ አራተኛ ቃል «እውነት» ወይም «ሐሰት» ነው። «ሐሰት» ከተባለ ልክ ግጥሚያ ብቻ ይፈልጋል። «እውነት» ከተባለ ተቀራራቢውን ይወስዳል። ትልቁ ነጥብ ግን ይህ ነው፦ ተጠቃሚው አራተኛውን ቃል ሳይጽፍ ከተወው ፕሮግራሙ እንደ «እውነት» ይቈጥረዋል። ስለዚህ በመለያ ቍጥር አንድን ሠራተኛ ወይም አንድን ዕቃ የሚፈልግ ሰው ቃሉን ከዘለለና የፈለገው ቍጥር በመዝገቡ ከሌለ፣ «የለም» የሚል መልስ አያገኝም፤ የጎረቤቱ ቍጥር ደመወዝ ወይም ዋጋ ይመጣለታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ኤክስሉካፕ ይህን ልማድ ገልብጦታል፤ ካልታዘዘ በቀር ልክ ግጥሚያ ብቻ ነው የሚፈልገው። ይሁን እንጂ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉት የቈዩ ሠንጠረዦች በአሮጌው ቀመር እንደ ተሠሩ ነው።

የግብር ራስጌ

ተቀራራቢ ግጥሚያ ከሁሉ ይልቅ ተገቢ የሚሆንበት ቦታ የደመወዝ ግብር ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ዐዋጅ ቍጥር 286 እስከ 150 ብር የሚደርሰውን የወር ደመወዝ ከግብር ነጻ አድርጎ፣ ከ5,000 ብር በላይ ያለውን በ35 በመቶ ያስከፍል ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 979 ነጻውን መጠን ወደ 600፣ የመጨረሻውን ወሰን ወደ 10,900 ብር ከፍ አደረገው። በ2017 ዓ.ም. የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ነጻውን ወደ 2,000፣ የመጨረሻውን ወሰን ወደ 14,000 ብር አድርሶታል። እንግዲህ ዐዋጁ በተለወጠ ቍጥር በፔሮሉ ላይ የሚለወጠው ቀመሩ ሳይሆን ሠንጠረዡ ነው። ሠንጠረዡን ለብቻው ያስቀመጠ የሒሳብ ሠራተኛ በሩብ ሰዓት ይጨርሳል፤ ወሰኖቹን በየሴሉ ቀመር ውስጥ የቀበረ ግን ሳምንት ይፈጅበታል፣ አንዱንም ሳይዘል አይቀርም።

ለምሳሌ በ2008ቱ ዐዋጅ ሠንጠረዥ እንሥራ። ራስጌዎቹ 0፣ 601፣ 1,651፣ 3,201፣ 5,251፣ 7,801 እና 10,901 ናቸው። በሁለተኛው ረድፍ መጣኔው 0፣ 10፣ 15፣ 20፣ 25፣ 30 እና 35 በመቶ ይሰፍራል። በሦስተኛው ረድፍ የሚቀነሰው 0፣ 60፣ 142.50፣ 302.50፣ 565፣ 955 እና 1,500 ብር ይጻፋል። ደመወዙ 9,000 ብር ለሆነ ሠራተኛ ከ9,000 የማይበልጠው ታላቅ ራስጌ 7,801 ነው፤ ግብሩ የ9,000 ብር 30 በመቶ ሲቀነስ 955፣ ማለት 1,745 ብር ነው።

አሁን አንድ ሰው በራስጌው ላይ የየመደቡን መነሻ ሳይሆን መድረሻ ጻፈ እንበል፤ 600፣ 1,650፣ 3,200፣ 5,250፣ 7,800፣ 10,900 እያለ። ዐዋጁ ላይ «እስከ» ተብሎ የተጻፈውን ቍጥር ስለ ወሰደ ሥራው ትክክል ይመስለዋል። ከ9,000 የማይበልጠው ታላቅ ራስጌ አሁን 7,800 ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው ግን የ25 በመቶው መደብ ነው። ግብሩ 1,685 ብር ተብሎ ይወጣል። በአንድ ሠራተኛ በወር 60፣ በዓመት 720 ብር ጐደለ። የወረዳውን መምህራንና የጤና ሠራተኞች ቍጥር በዚህ ያባዛ ሰው ኦዲተር ሲመጣ የሚሆነውን ይገምታል።

ሌላው ስሕተት የቅደም ተከተል ነው። የ5,251 ዓምድ ተረስቶ ኋላ ከ10,901 ቀጥሎ በመጨረሻ ተጨመረ እንበል። ደመወዙ 6,000 ብር የሆነው ሠራተኛ 935 ብር መክፈል ሲገባው ከ3,201 መደብ ገብቶ 897.50 ብር ይከፍላል። 12,000 ብር የሚያገኘው ደግሞ 2,700 ብር መክፈል ሲገባው በመጨረሻው ዓምድ ተይዞ 2,435 ብር ብቻ ይቈረጥበታል። የስሕተት ምልክት ግን በአንዱም ላይ አይታይም።

ምክንያቱ ፕሮግራሙ ራስጌዎቹን አንድ በአንድ ስለማይመረምር ነው። ከመካከል ገብቶ ያየዋል፤ የተፈለገው ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ ወደ ቀኝ፣ የሚያንስ ከሆነ ወደ ግራ ሄዶ ቀሪውን እንደገና ከመካከል ይከፍላል። ይህ መዝገበ ቃላት እንደ መግለጥ ያለ ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጠ ሰው ይህን በቶሎ ይረዳዋል። እርሱ በ«ሀለሐመ» ተራ ይፈልጋል፤ መጽሐፉ ግን በ«አበገደ» የተደረደረ ነው። ሰው ተራው እንዳልገጠመ ሲያይ ገጹን መልሶ መግቢያውን ያነባል። ፕሮግራሙ ግን ተራው ትክክል ነው ብሎ አምኖ ነው የሚጀምረው።

ወደ ታች እና ወደ ላይ

ለእኛ ለመሐንዲሶች ከዚህ የሚበልጥ ጕዳይ አለ። ተቀራራቢ ግጥሚያ ምንጊዜም ወደ ታች ነው የሚወርደው። ለግብርና ለበዓል ይህ ተገቢ ነው፤ ለግንባታ ግን አደጋ ሊሆን ይችላል። ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ ብዙ ሸለቆና የክረምት ጐርፍ ይሻገራል። አንድ ንድፍ ሠሪ ለአንድ ፈፋ 70 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የውኃ ማሳለፊያ ቱቦ እንደሚያስፈልግ አሰላ፣ የሚገኙት ቱቦዎችም የ60፣ የ90 እና የ120 ሳንቲ ሜትር ናቸው እንበል። ኤችሉካፕ በተቀራራቢ ግጥሚያ 60 ይሰጠዋል። የዚህ ቱቦ አፍ ከሚያስፈልገው 73 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። መመረጥ የነበረበት 90 ነው። ማሽኑ የተጠየቀውን በትክክል መልሷል፤ ጥያቄው ግን የመሐንዲስ ጥያቄ አልነበረም። እዚህ የሚፈለገው «የማይበልጠው ታላቅ» ሳይሆን «የማያንሰው ታናሽ» ነው፤ ኤክስሉካፕ ይህን በትእዛዝ ይሠራል፣ ኤችሉካፕ ግን አይሠራም።

ሦስተኛም ዓይነት ነገር አለ፤ እርሱም በመደብ ጨርሶ የማይቈረጠው ነው። የአርዲቦ ሐይቅ ትርፍ ውኃ በአንከርካ ወንዝ ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ ሐይቅ ግን መውጫ የለውም። ባክስተርና ጎሎቢች እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት ጥናት የሐይቁ ከፍተኛ ጥልቀት 88 ሜትር ያህል እንደ ነበረ ተመልክቷል። የእንዲህ ያለ ሐይቅ ጥልቀትና የውኃ መጠን በሠንጠረዥ ሲሰፍር ራስጌዎቹ በየ10 ሜትሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ውኃው ግን በደረጃ አይወጣም፣ በደረጃ አይወርድም። ለምሳሌ ያህል ብቻ ከ10 ሥር 40፣ ከ20 ሥር 70 ቢጻፍ፣ ለ19 ሜትር ተቀራራቢ ግጥሚያ 40 ይመልሳል። በመካከል ያለውን አስልቶ ያገኘ ሰው ግን 67 ያገኛል። እዚህ ላይ የፍለጋው ሥራ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ዓምዶች ማግኘት ብቻ ነው፤ ቀሪው የባለሙያው ስሌት ነው።

የውጫሌ ትምህርት

ከሐይቅ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ በአምባሰል ወረዳ ውጫሌን ያገኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ስሙን ያገኘው ከዚህ ስፍራ ነው። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጕዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም እንደሚቻላቸው ሲናገር፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎታል። ሁለቱ ጽሑፎች ተቀራራቢዎች ነበሩ፤ ልክ ግን አልነበሩም። ልዩነቱ ከተገለጠ በኋላ ጕዳዩ እስከ ዐድዋ፣ እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አደረሰ። የፔሮልና የቱቦ ጕዳይ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን መቀራረብ ራሱ ጥፋት እንዳልሆነ፣ ጥፋቱ «ልክ ነው» ተብሎ ያለፈው መቀራረብ እንደ ሆነ ያስተምራል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር ብዙ አይደለም። በመደብ የሚፈለግ ሠንጠረዥ ሲሠራ የመደቡ መነሻ እንጂ መድረሻ በራስጌ ላይ አይጻፍ፤ «ከዚህ ጀምሮ» የሚል ቃልም ከጐኑ ይቀመጥ። ራስጌዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርደሩ፤ አዲስ ዓምድ ሲጨመርም በቦታው እንጂ በመጨረሻ አይግባ። አራተኛው ቃል ምንጊዜም ይጻፍ፤ «እውነት» ለማለት የፈለገም ይጻፈው፣ የሚቀጥለው ሰው ታስቦበት መሆኑን እንዲያውቅ። ከሁሉ በላይ ሠንጠረዡ ከመሰራጨቱ በፊት በየወሰኑ ላይ፣ ከወሰኑ በአንድ ባነሰና በአንድ በበለጠ ቍጥር ይፈተን፤ ትንሹና ትልቁ መልስም አስቀድሞ ይታወቅ። ነነዌ ከጥር 17 እንደማትቀድም፣ ከየካቲት 21 እንደማታልፍ የሚያውቅ የባሕረ ሐሳብ ተማሪ በስሌቱ መካከል ቢሳሳት ስሕተቱ ከዚያ ዳርቻ ሲወጣ ራሱ ያየዋል። በፔሮላችንና በንድፋችን ላይ እንዲህ ያለ ዳርቻ ያበጀን ስንቶቻችን ነን?